ከመምህሬ ኪቦርድ የተረፈው ፍላሽ፦ ድምፃቸው ነው ወይስ ጣታቸው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሙያውን ለምታውቁ ሁሉ አክብሮቴን እያቀረብኩ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። ኪቦርድ ያስተማሩኝ ሰው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ ሲያስተምሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ሲያጅቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ኪቦርዳቸው ለሕክምና ወጪ ተሸጦ ነበርና ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ቤተሰቡ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን ባለቤታቸው መሳቢያ ሲያጸዱ ያገኙትን ፍላሽ ጠርተው ሰጡኝ። ስከፍተው ኪቦርዱ ላይ የተቀዱ 11 ፋይሎች አገኘሁ፤ ሁሉም ሚዲ የሚባሉ፣ የቁልፍ አመታትን የሚመዘግቡ ፋይሎች ናቸው።

በራሴ ኪቦርድ ሳጫውታቸው ከበሮውና ቤዙ እንደማውቃቸው መጡ። ዜማውን የሚመራው ድምፅ ግን የእርሳቸው አልነበረም። በሰባቱ ፋይሎች ማሲንቆ መሆን የነበረበት ፒያኖ ሆኖ ወጣ፤ በአራቱ ደግሞ ክራሩ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ አጃቢው ብቻውን እየሄደ ዜማው ባዶ ቀረ። መምህሬ የማሲንቆውን ድምፅ ከአንድ የሰፈራቸው ማሲንቆ ተጫዋች ራሳቸው ቀድተው ወደ ኪቦርዳቸው ያስገቡት ነው። ያንን ድምፅ በፒች ቤንዱ፣ ማለትም ቃናውን ወደ ላይና ወደ ታች በሚስበው የኪቦርዱ ማንሻ፣ እየሳቡ ሲጫወቱት የሰማ ሰው በፒያኖ ሲሰማው ምን እንደሚሰማው መግለጽ ይከብደኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የመምህሬ ድምፅ በፍላሹ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ከሌለስ በምን መንገድ ሊመለስ ይችላል? የራሴ አቋም፣ ኪቦርድ ላይ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭነን የምናስቀምጠው ሚዲ የትእዛዝ ዝርዝር እንጂ ቅጂ ሊባል አይገባውም የሚል ነው። የእኛ ሙዚቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ አብረው በማይመጡ ድምፆች ላይ የሚቆም ስለሆነ፣ ሥራውን በሚዲ ብቻ የሚያስቀምጥ ተጫዋች ኪቦርዱን ባጣ ቀን ሥራውንም ያጣል ብዬ አምናለሁ።

መልሶቹ ስለበዙ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች ይረዳ ዘንድ እስከ ዛሬ የተሰጡትን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አገላለጽ አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1

ከደሴ የጻፉ አንድ ሰው ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ የሁለቱንም ኪቦርዶች ሞዴል ጠየቁኝ። የአንድ ፋብሪካ ምርቶች እንደሆኑ፣ የእርሳቸው ግን ተጨማሪ ድምፅ የሚቀበል ከፍ ያለ ሞዴል፣ የእኔ ደግሞ የማይቀበል ዝቅ ያለ ሞዴል እንደሆነ መለስኩላቸው።

መልስ 2

ሁለተኛው መልስ የመጣው ኪቦርድ በመጠገን ከሚተዳደሩ ባለሙያ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ያስረዱት እርሳቸው ናቸው። የሚዲ ፋይል የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅጽበት እንደተጫነ፣ መቼ እንደተለቀቀ፣ ከ1 እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ምን ያህል በኃይል እንደተመታ፣ ፔዳሉ መቼ እንደተረገጠና ፒች ቤንዱ ምን ያህል እንደተገፋ ብቻ እንደሚይዝ አብራሩ። ድምፁ ራሱ በፋይሉ ውስጥ የለም። ያለው የድምፁ አድራሻ ነው፤ አድራሻውም ሁለት የባንክ (የድምፆች ምድብ) ቁጥሮችና አንድ የፕሮግራም (የድምፁ የራሱ) ቁጥር ነው። ፋይሉ የተከፈተበት ኪቦርድ በዚያ አድራሻ ላይ ምንም ካላገኘ፣ እንደ አሠራሩ፣ ወይ የራሱን መደበኛ ድምፅ ይተካል ወይ ዝም ይላል። ማሲንቆው ፒያኖ የሆነው፣ ክራሩም የጠፋው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገሩኝ።

ማረጋገጫው የፋይሉ መጠን ነው ብለው አከሉ። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢትና በስቴሪዮ የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከ50 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። በእኔ ፍላሽ ላይ ያለው ትልቁ ፋይል 84 ኪሎባይት ነው። ይህን ስሌት ሳነብ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እንደተመለሰ ገባኝ፤ ቀኑንም በሐዘን ዋልኩ።

መልስ 3

በስቱዲዮ የሚሠራ አንድ ወጣት በአቋሜ ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ገልጾ፣ ነገር ግን ጥፋቱን ወደ መምህሬ አዞረው። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ኪቦርዶች እንኳ ድምፅን በዌቭ ፋይል በቀጥታ ወደ ፍላሽ መቅዳት በሚችሉበት ዘመን በሚዲ ብቻ ማስቀመጥ ቸልተኝነት ነው የሚል ሐሳብ ነበር የሰጠው። ስለ ቴክኒኩ የተናገረው ትክክል ነው። ስለ ሰውየው የተናገረው ግን ቅር አሰኝቶኛል።

መልስ 4

በሠርግ አጃቢነት ረጅም ዘመን የቆዩ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ለቁጥር 3 በቁጣ መለሱ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ሥራቸውን የጀመሩት በፍሎፒ ዲስክ እንደነበርና አንድ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ እንደሆነ አስታወሱት። በሲዲ ጥራት ለተቀዳ ድምፅ ይህ ስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በሚዲ ግን በዚያው ዲስክ ላይ የአንድ ሠርግ ሙሉ ዝግጅት ይገባ ነበር። በዚያ ጊዜ የተያዘ ልማድ እድሜ ልክ የሚከተል በመሆኑ፣ ያላየውን ዘመን የሚወቅስ ልጅ መጀመሪያ ጠይቆ ቢረዳ እንደሚሻለው ጠንከር ባለ ቃል ተናገሩ።

መልስ 5

ሁለቱንም ለማስታረቅ የሞከሩ አንዲት የሙዚቃ መምህርት ሁለት እርማት አደረጉ። የመጀመሪያው ለቁጥር 4 ነው፦ የእኔ ፋይሎች የተገኙት በፍላሽ ላይ ስለሆነ የፍሎፒው ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ለቁጥር 3 ነው፦ ፍላሽ የሚቀበል ኪቦርድ ሁሉ ድምፅ ይቀዳል ማለት አይደለም። ብዙ ሞዴሎች ፍላሹን የሚጠቀሙበት ሚዲና ቅንብር ለማስቀመጥ ብቻ ነው። ድምፅ የሚቀዱት ደግሞ ለአንድ ቅጂ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ በአንዳንድ የያማሃ ሞዴሎች ገደቡ 80 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው በመግለጫው ላይ መቅጃ የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ እንዳይረካ፣ የሚዲ ነው ወይስ የድምፅ ብሎ ለይቶ እንዲጠይቅ መከሩ።

መልስ 6

ከሐዋሳ የጻፈ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ተጫዋች ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ያለ፣ ግን ብዙዎቻችንን የሚነካ ገጠመኝ አካፈለ። ለመዘምራን ያዘጋጀውን ሥራ ትራክ በትራክ ሲቀዳ አንድ ሙሉ ከሰዓት ከፈጀ በኋላ፣ ሳያስቀምጠው መብራት ጠፋ። በኪቦርዱ ላይ የተቀዳው ሚዲ ፍላሹ ላይ ወይም በውስጥ ማህደሩ ላይ አስቀምጥ እስኪባል ድረስ በጊዜያዊ ማህደር ስለሚቆይ፣ መብራቱ ሲመለስ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ትራክ በጨረሰ ቁጥር ሳያስቀምጥ ወደ ሌላው እንደማይሄድ ነግሮናል። ድምፅ በቀጥታ ወደ ፍላሽ በሚቀዳበት ጊዜም ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹን መንቀል ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፍላሹን ራሱን ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠነቀቀ።

መልስ 7

ይህ መልስ አቋሜን ያናወጠው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው እወዳለሁ። ጸሐፊዋ በውጭ አገር ፒያኖ የምታስተምር ኢትዮጵያዊት ናት። ሚዲ ቅጂ አይደለም ማለቴን አልተቀበለችውም። እንደ እርሷ አስተያየት፣ የድምፅ ቅጂ የሚይዘው ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ነው፤ ሚዲ የሚይዘው ደግሞ ከተጫዋቹ እጅ የወጣውን ነው። መምህሬ በድምፅ ቀድተው ትተውልኝ ቢሆን ኖሮ ግራ እጃቸው ምን እንደሠራ በከበሮው ሥር ፈልጌ ማግኘት ይቸግረኝ ነበር። አሁን ግን ሌሎቹን ትራኮች ዘግቼ ግራ እጃቸውን ብቻ መስማት፣ የቃናው ከፍታ ሳይዛባ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ፣ የትኛውን ኖታ ጠንከር፣ የትኛውን ለስለስ አድርገው እንደመቱት በቁጥር ማየት እችላለሁ። ከድምፅ ቅጂ ተነሥቶ ይህን ሁሉ መልሶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ከሚዲ ግን ትክክለኛው ድምፅ በተገኘ ቀን የድምፅ ቅጂ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ የጠፋው ማሲንቆው እንጂ መምህሬ አይደሉም፤ ጣታቸው በፍላሹ ውስጥ አለ የሚል ነበር የመልሷ ፍሬ ነገር።

በዚያው ሌሊት አንዱን ፋይል ከፍቼ ግራ እጃቸውን ብቻ አዳመጥኩ። አሥር ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ያልሰማሁትን የቤዝ እንቅስቃሴ ሰማሁ።

መልስ 8

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሰው በቁጥር 7 አልተስማሙም። ምሳሌ ያደረጉት የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በዚያው ከተማ አካባቢ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው የሠሩት ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም መድረክ ሊያስመልሳቸው የቻለው፣ ድምፁ እንደ ድምፅ በካሴት ላይ ስለቀረ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የዚያን ጊዜ ኪቦርዶች ዛሬ የት እንዳሉ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ካሴቱን ያገኘ ሁሉ ሙዚቃውን አገኘ። ጸሐፊው ኃይሉ ታክሲ እየነዱ በኖሩባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናቸው ይዘው በዕረፍት ሰዓታቸው ይለማመዱ እንደነበርም አነሡ። ይህ ከጥያቄው ቢርቅም በማንበቤ ደስ ብሎኛል።

መልስ 9

የቁጥር 2 ባለሙያ ተመልሰው፣ የካሴቱ ምሳሌ ሁለቱንም ወገን እንደሚደግፍ አመለከቱ። ካሴቱ ድምፁን አቆይቷል፤ አኮርዲዮኑን ለብቻው ነጥሎ ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ግን አይመችም። እኔ የማየውም እንዲሁ ነው፤ ክርክሩ አንዱን መርጦ ሌላውን ለመጣል መሆን አልነበረበትም።

መልስ 10 እና 11

እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ቅኝት ዞረ፤ ቃላቱም ሻከሩ። የቁጥር 10 ጸሐፊ በኪቦርድ የሚጫወት ማሲንቆ ከመጀመሪያውም ማሲንቆ ስላልሆነ መጥፋቱ ሊያስቆጭ አይገባም ሲሉ ጻፉ። ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍሎች፣ እያንዳንዱንም ሴንት በሚባሉ 100 ጥቃቅን የቃና መለኪያዎች ይከፍለዋል፤ ማሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን ጆሮው በሚነግረው ቦታ ያሳርፋል። በተለይ አንቺሆዬን ከዶ ተነሥተን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ብለን ኪቦርድ ላይ ስንጫወተው ስሙን እንጂ ጣዕሙን አላገኘነውም የሚል ነበር ሙግታቸው።

የቁጥር 11 ጸሐፊ ይህን አነጋገር እንደ ስድብ ቆጠሩት። ኪቦርድ ይዘው ገጠር ለገጠር ሠርግ ሲያጅቡ የኖሩ ሰዎችን ድካም ያቃለለ ነው ካሉ በኋላ፣ ብዙ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ኖታ በሴንት ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መቃኛ እንዳላቸውና የሚያውቁ ተጫዋቾችም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለየብቻ እንደሚያስተካክሉበት አስረዱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተለዋወጡትን እዚህ መድገም አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ከጭቅጭቃቸው ለእኔ ጠቀመኝ፦ መምህሬ መቃኛውን ተጠቅመው ከሆነ፣ ቅንብሩ በሚዲው ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ በሌላ ኪቦርድ ላይ ሁሉም ኖታ ወደ እኩሉ ቅኝት ይመለሳል። ድምፁ ቢገኝ እንኳ ቃናው ልክ ላይመጣ የሚችልበትን ምክንያት ያወቅሁት ከዚህ ነው።

መልስ 12

አንድ ሰው ሚዲ የተለያዩ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ታስቦ የተሠራ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች፣ አንዱ የሮላንድ፣ ተገናኝተው እንደታዩ አስታወሱ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ 128 ድምፆች በየኪቦርዱ ተመሳሳይ ቁጥር እንዲይዙ ስምምነት ተደረገ። ማሲንቆና ክራር በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ የእኔም ችግር መነሻው ይኸው ነው።

መልስ 13

የመጀመሪያውን ተግባራዊ መንገድ የጠቆሙት ኩቤዝ በተባለው የኮምፒውተር የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚሠሩ አንድ አቀናባሪ ናቸው። ፋይሉን በመጀመሪያ ኮፒ እንዳደርግና ዋናውን ፈጽሞ እንዳልነካው አስጠነቀቁኝ። ቀጥሎ ኮፒውን በኮምፒውተር ከፍቼ በየትራኩ መጀመሪያ ላይ የተጻፉትን የባንክና የፕሮግራም ቁጥሮች እንዳይ፣ የማሲንቆውን ድምፅ የያዘ ኪቦርድ ከተገኘም እነዚያን ቁጥሮች ድምፁ ወደሚገኝበት አድራሻ እንድቀይራቸው መሩኝ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ የፒች ቤንዱ ስፋት ነው። ፋይሉ የሚመዘግበው ፒች ቤንዱ ምን ያህል እንደተገፋ እንጂ ያ ግፊት ስንት ግማሽ ቶን (ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን የቃና ርቀት) እንደሚያስኬድ አይደለም፤ ስፋቱ ለብቻው ካልተጻፈ ተቀባዩ ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ግማሽ ቶን አድርጎ ይወስደዋል። መምህሬ ስፋቱን ወደ ሦስት ወይም አራት አሳድገው ከነበረ፣ የማሲንቆው ስበት ሁሉ ከታሰበው ኖታ ሳይደርስ ይቀራል። በፒያኖ ሆኖ ስሰማው ዜማው የተሳሳተ የመሰለኝ በከፊል በዚህ ምክንያት እንደነበር ኋላ አረጋግጫለሁ።

መልስ 14

ስልክን ከማጉያው ፊት አስቀምጦ ወይም ከኪቦርዱ ጋር በገመድ አገናኝቶ መቅዳት ይበቃል ላሉ ሰው ሌሎች መልስ ስለሰጡ እዚህ በአጭሩ ልለፈው። የስልክ መሰኪያ የሚቀበለው የማይክ መጠን ያለው ደካማ ምልክት በሞኖ ስለሆነ የኪቦርድ መውጫ በቀጥታ ሲሰካበት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ሳውንድ ካርድ በኩል ከሁለቱ የኪቦርዱ መውጫዎች በስቴሪዮ መቅዳት ይሻላል።

መልስ 15

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅሁት ሆነ። ከእኔ ቀደም ብሎ በዚያው ቤት የተማረና ስሙን ብቻ የማውቀው ሰው ክሩን፣ ማለትም ይህን ተከታታይ ውይይት፣ አንብቦ ጻፈ። መምህራችን ኪቦርድ ሲገዛ የራሳቸውን ሞዴል እንዲገዛ መክረውት ነበር፤ ገዝቶ ሲመጣም የማሲንቆውን ድምፅ ጭነውለት ነበር። ክራሩን ግን ከዚያ በኋላ ስላስገቡት እርሱ ዘንድ የለም። ኪቦርዱ አሁንም እንደሚሠራና ቤቱ መጥቼ መቅዳት እንደምችል ጋበዘኝ።

መልስ 16

አንድ ሰው ድምፁን በፍላሽ እያባዙ ማደል እንደማይገባ ጠንከር አድርገው አሳሰቡ። የተሸጡ የድምፅ ጥቅሎች የባለቤት መብት ያላቸው ሲሆን ብዙዎቹም ለአንድ ኪቦርድ ብቻ የተቆለፉ ናቸው። ይህ ድምፅ ግን መምህሬ በራሳቸው የቀዱት ስለሆነ ፈቃዱ የቤተሰቡ እንደሆነ ተስማማን። ባለቤታቸውን ጠየቅኋቸው፤ ለተማሪዎቻቸው እንዲደርስ ፈቀዱ።

መልስ 17

ይህ የእኔው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቁጥር 15ን ወደጻፈው ወንድማችን ቤት ሄድኩ። ሰባቱን ፋይሎች ከፈትን፤ አድራሻው አንድ ዓይነት ስለነበር ማሲንቆው ምንም ሳይቀየር መጣ። የፒች ቤንዱ ስፋት ሁለት ሆኖ ስበቶቹ አጥረው ነበርና ሦስት ስናደርገው ሁሉም ቦታቸውን ያዙ። ሚዲው እየተጫወተ የኪቦርዱን የድምፅ መቅጃ በማስጀመር አንድ በአንድ በዌቭ ቀዳናቸው። ሰባቱ በድምሩ 38 ደቂቃ፣ 400 ሜጋባይት ያህል ሆኑ። በሦስተኛው ፋይል መጨረሻ ላይ መምህራችን ፒች ቤንዱን ዘግየት አድርገው የለቀቁበት ቦታ አለ። እኛን ሁልጊዜ የሚቆጡን በዚሁ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቀና ብለን ተያየን።

መልስ 18 እና 19

የቁጥር 3 ወጣት ተመልሶ ስለ መጀመሪያ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለቀሩት አራት ፋይሎችም ጥሩ ክራር በነፃ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። የቁጥር 7 መምህርት ግን በሌላ ክራር መጀመሪያ የተሰማ ጆሮ ያንን ለምዶ እንዳይቀር ሠጋች። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። የወጣቱን ክራር በኮፒዎቹ ላይ ለማጥናት እጠቀምበታለሁ፤ በመምህሬ ስም ለሌላ ሰው የማሰማው ቅጂ ግን አላደርገውም። ዋናዎቹ ፋይሎች ሳይነኩ በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል።

የቀረኝ አንድ ልመና ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ኪቦርድ ገዝታችሁ፣ ከማሳያው በስተግራ በነጭ ፕላስተር ላይ በእጅ የተጻፉ ከ1 እስከ 8 ያሉ ቁጥሮች ካያችሁ፣ ወይም ሰው ዘንድ ያየ ካለ፣ እባካችሁ በዚህ ክር ሥር ጻፉልኝ። ኪቦርዱን መልሱልኝ አልልም። ወደ ፋብሪካው ቅንብር የሚመልሰውን ትእዛዝ ከመስጠታችሁ ወይም የተጨመሩትን ድምፆች ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አንድ ከሰዓት ብቻ ፍቀዱልኝ፤ ክራሩ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።